ከጠርሙሱ የተለየው ምክር፦ የሳል መድኃኒትና የመድኃኒት ቤት ባንኮ ታሪክ

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ የሳል መድኃኒቶች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በጠርሙሱ ውስጥ ባለው ነገር ነው፤ ኦፒየም ለኮዴይን፣ ኮዴይንም ለዴክስትሮሜቶርፋን ቦታውን እንዴት እንደለቀቀ ይዘረዘራል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን እምብዛም ያልተጻፈ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም ከባንኮው ጀርባ የቆመው ሰው ለገዢው ምን ይናገር እንደነበር፣ ምን እንዳይናገር እንደተከለከለና በኋላም ምን ብሎ እንዲጠይቅ እንደተገደደ የሚያሳየው ነው። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ይልቅ ለሕመምተኛው ሕይወት የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ መፍትሔ ሲፈለግለት የኖረ አንድ ችግር ይዟል፤ ምክር ሰጪው የሚተዳደረው በሚሰጠው ምክር ሳይሆን በሚሸጠው መድኃኒት መሆኑን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር፣ ዓመታቱ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ የምክርና የመድኃኒት ሽያጭ ትስስር በሕግ የጸናው በእንግሊዝ አገር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በለንደን የሕክምና ሥራ በሦስት ወገኖች የተከፈለ ነበር፦ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ በሽታን የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም፣ ቁስልንና ስብራትን በእጁ የሚያክም ቀዶ ጠጋኝ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ያዘዘውን ቀምሞ የሚሸጥ፣ አፖቴካሪ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ። ዊልያም ሮዝ የተባለ ቀማሚ ጆን ሲል የተባለ ሥጋ ሻጭን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት እየሰጠ በማከሙ የሐኪሞች ኮሌጅ ከሰሰው፤ በፍርድ ቤት ቢረታም የጌቶች ምክር ቤት በ1704 ፍርዱን ሻረለት። ከዚያ ወዲህ ቀማሚው ሕመምተኛን መምከርና ማከም የተፈቀደለት ሲሆን ዋጋ መጠየቅ የሚችለው ግን ለመድኃኒቱ እንጂ ለምክሩ አልነበረም። ውሳኔው ሐኪም የመክፈል አቅም ለሌለው ብዙ ሕዝብ ትልቅ በር እንደከፈተ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሳል ይዞት የመጣውን ሰው «በራሱ ጊዜ ይለቅሃል፣ መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ የሚያሰናብት ቀማሚ ከድካሙ ምንም እንዳያገኝ የሚያደርግ ሥርዓት ሆነ። ቀማሚዎቹ በ1815 በወጣው ሕግ ፈቃድና ፈተና ያለው የሐኪምነት ደረጃ እያገኙ ሲሄዱ ባንኮውን የወረሱት ኬሚስትና ድራጊስት የሚባሉት መድኃኒት ሻጮች ነበሩ፤ እነርሱም በ1841 የታላቋ ብሪታንያን የፋርማሲ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከባንኮው ጋር የወረሱትም ይህንኑ የአከፋፈል ልማድ ነበር።

በዚያ ዘመን ለሳል የሚሸጠው ነገር በአብዛኛው ኦፒየም፣ ማለትም ከአንድ የአበባ ተክል ፍሬ የሚደማ የደረቀ ወተት መሰል ፈሳሽ፣ ያለበት ነበር። ፓሬጎሪክ የሚባለው ውሁድ ኦፒየምን ከካምፎርና ከአኒስ ዘይት ጋር በአልኮል አሟሙቶ የያዘ ሲሆን፣ ለአዋቂ ሳልም ለሕፃን ተቅማጥም ይሰጥ ነበር። በ1832 ፒየር ዣን ሮቢኬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከዚሁ ኦፒየም ኮዴይንን ለይቶ አወጣ። እነዚህ ነገሮች ሳልን የሚያስታግሱት በአንጎል ግርጌ የሳልን ግፊት የሚቆጣጠረውን ክፍል በማደንዘዝ ነው፤ ያው ኃይላቸው ግን ትንፋሽንም ያዘገያል፣ መጠኑ ሲበዛም ያቆማል። በድንጋይ ከሰል ጭስ በታፈኑት የፋብሪካ ከተሞች ብሮንካይትስና የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ድሆች ሌሊት እንቅልፍ የሚያገኙት በዚህ ፈሳሽ ብቻ እንደነበር መዘንጋት ተገቢ አይደለም። ዕፎይታው እውነተኛ ነበር፤ በሽታውን ግን አያድንም፣ የለመደውም ሰው ሊተወው ይቸገር ነበር፣ ከመጠን ያለፈ ጠብታ የተሰጣቸው ሕፃናትም ተኝተው ሳይነቁ ይቀሩ ነበር።

የብሪታንያ መንግሥት በ1868 ባወጣው የፋርማሲ ሕግ የተወሰኑ መርዛማ ነገሮችን መሸጥ የሚችለው የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ በኦፒየም ጠርሙስ ላይም የመድኃኒቱ ስም፣ «መርዝ» የሚል ቃል፣ የሻጩም ስምና አድራሻ እንዲለጠፍ አዘዘ። ይሁን እንጂ ሕጉ የባለቤትነት መድኃኒቶች የሚባሉትን፣ ማለትም ይዘታቸው በምሥጢር ተጠብቆ በንግድ ስም የሚሸጡትን፣ ነጻ አደረጋቸው። በመሆኑም በእንግሊዝ የሕንድ ሠራዊት ሐኪም በነበረው በጆን ኮሊስ ብራውን የተፈለሰፈውና ኦፒየምን፣ ክሎሮፎርምንና ካናቢስን የቀላቀለው ክሎሮዳይን እስከ 1890ዎቹ ድረስ በሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ጭምር ይሸጥ ነበር። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር ሕጉ እንዲናገር ያደረገው ጠርሙሱን እንጂ ሻጩን አለመሆኑ ነው፤ ገዢው ማንበብ የማይችል ከሆነ፣ ብዙዎቹም አይችሉም ነበርና፣ ማስጠንቀቂያው ለእርሱ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

በጀርመን አገር የተፈጸመው ደግሞ ሻጩ ራሱ እንኳ እውነቱን ሳያውቅ መካሪ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ቻርልስ ራይት በ1874 በለንደን ያገኘውን፣ ከሞርፊን የሚሠራውን ዳይአሴቲልሞርፊን የባየር ኩባንያ ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 እንደገና ሠራው፤ ኩባንያውም በ1898 ሄሮይን የሚል የንግድ ስም ሰጥቶ ለሳልና ለመተንፈሻ አካል ሕመሞች ገበያ አወጣው። የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ገዳይ በነበሩበት ዘመን ትንፋሽን የሚያረጋጋ አዲስ መድኃኒት መገኘቱ ለሐኪሞችም ለመድኃኒት ሻጮችም የምሥራች ነበር፤ ከሞርፊን ያነሰ ሱስ እንደሚያስይዝ ስለተነገራቸውም ብዙዎቹ በቅን ልቡና መከሩበት። ጉዳቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲገለጥ ባየር በ1910ዎቹ መጀመሪያ ማምረቱን አቆመ፤ ዩናይትድ ስቴትስም በ1924 መድኃኒቱን ከለከለች። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር የሻጮቹ ክፋት አይደለም፤ ምክር የሚሰጡበት እውቀት የሚመጣላቸው ጠርሙሱን ከሚሠራው ወገን ብቻ መሆኑ ነው።

ሌላ የእውቀት ምንጭ መከፈት የጀመረው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው። በአሜሪካ ጋዜጠኛው ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ በ1905 በኮሊየርስ መጽሔት ላይ የምሥጢር መድኃኒቶችን ይዘት በተከታታይ አጋለጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግም አልኮል፣ ኦፒየም፣ ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ኮኬይንና ክሎሮፎርምን የመሳሰሉ አደገኛ ነገሮች በጠርሙሱ ላይ ከነመጠናቸው እንዲጻፉ አስገደደ። በብሪታንያም የሐኪሞች ማኅበር በ1909 የምሥጢር መድኃኒቶችን በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ይዘታቸውንና ለመሥራት የሚወጣባቸውን እውነተኛ ወጪ በመጽሐፍ አሳተመ። በ1914 የወጣው የአሜሪካው የሃሪሰን ሕግ ናርኮቲኮችን በሐኪም ማዘዣ ሥር ሲያውል በአንድ አውንስ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ገደማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ፣ ከ65 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ኮዴይን ያላቸውን የሳል ሽሮፖች ነጻ አደረገ፤ ከጊዜ በኋላ እነዚህን የሚገዛ ሰው ስሙን በመዝገብ አስፍሮ መፈረም ነበረበት። እንዲህ በማድረግ የመድኃኒት ባለሙያው የመንግሥት ዘበኛ ሆነ፤ ገዢውን ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ ሕመሙን እንዲጠይቀው ግን ሕጉ አያስገድደውም።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የዝምታው ዘመን ነው። ሁለቱም በሙያቸው ፋርማሲስት የነበሩት የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ካርል ደረምና ሂዩበርት ሃምፍሪ ያቀረቡት የ1951 ማሻሻያ በማዘዣ ብቻ በሚሸጡና ያለ ማዘዣ በሚሸጡ መድኃኒቶች መካከል ጥርት ያለ ወሰን አበጀ። የወሰኑ መስፈርት መድኃኒቱ በጽሑፍ መመሪያ ብቻ፣ ያለ ባለሙያ ክትትል፣ ተራው ሰው በደኅና ሊወስደው መቻሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ፋርማሲስቱ በማዘዣ ስለመጣ መድኃኒት ይዘትም ሆነ ጥቅም ከሕመምተኛው ጋር እንዳይነጋገርና ጥያቄውን ወደ ሐኪሙ እንዲመልስ ያዝዝ ነበር፤ ይህ ደንብ እስከ 1969 ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ ለረጅም ዓመታት የተማረው ባለሙያ በማዘዣ ለሚሰጠው መድኃኒት አፉ የተለጎመ፣ ያለ ማዘዣ ለሚሸጠው ደግሞ፣ ሕጉ ራሱ ምክር አያስፈልገውም ስላለ፣ የማይጠየቅ ሆነ። ሳል ይዞት የመጣ ሰው ግን ይህንን የሕግ ወሰን አያውቅም፤ ጠርሙሱን አንሥቶ «ይሄ ለደረቅ ሳል ይሆናል ወይስ ለአክታ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የመካሪነት ልምድ ተጠብቆ የኖረውም በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ምክንያት ነው።

የዚያን ጊዜው መልስ በሁለት ክፍል የተለየ ነበር። ደረቅና አድካሚ ለሆነ ሳል ግፊቱን የሚያፍን መድኃኒት ይሰጣል፤ ከእነዚህ ዋናው ዴክስትሮሜቶርፋን ሲሆን፣ ከኦፒየም ወገን መዋቅር ተነሥቶ የተሠራ ሆኖ ሳለ በተለመደው መጠን የሞርፊንን ዓይነት ሱስ ስለማያስይዝ በ1958 በአሜሪካ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። አክታ ላለው ሳል ደግሞ አክታውን ያቀጥናል ተብሎ የሚታመነው ጓይፌኔሲን ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ የሚቀላቅሉ ሽሮፖችም በብዛት ወጡ፤ አክታውን ለማስወጣት የሚሰጥ ነገር አክታውን የሚያስወጣውን ሳል ከሚያፍን ነገር ጋር መደባለቁ ምክንያት ያለው አይመስልም፣ ይሁንና ገበያው ለዘመናት ተቀብሎታል።

የልጆች መጠን ጉዳይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ሁሉ በ1972 በዘርፍ በዘርፍ መመርመር ጀምሮ የሳል ማፈኛዎችን የመጨረሻ ደንብ በ1987 አወጣ። በደንቡ መሠረት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ የአዋቂውን ግማሽ፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ደግሞ ሩቡን እንዲወስድ ተደረገ፤ ለዴክስትሮሜቶርፋን ይህ አዋቂው በየአራት ሰዓቱ ከሚወስደው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ተነሥቶ ለትንሹ ልጅ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ቁጥሩ የተገኘው በልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ሳይሆን በሒሳብ ማካፈል ነበር። የሕፃን ጉበት መድኃኒትን የሚያስወግድበት ፍጥነት ከአዋቂ ይለያል፤ እናት በቤት ማንኪያ ስትለካ መጠኑ ይዛባል፤ ለሳል የተገዛው ሽሮፕና ለትኩሳት የተገዛው ሽሮፕ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ይዘው ሊገኙም ይችላሉ። ለሃያ ዓመታት በባንኮው ላይ በቅንነት የተነገረው የማንኪያ ቁጥር በዚህ ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነበር።

በብሪታንያ አካሄዱ የተለየ ነበር። በ1968 የወጣው የመድኃኒቶች ሕግ መድኃኒቶችን በሦስት መደበ፦ በማዘዣ ብቻ የሚሰጡ፣ በማንኛውም መደብር የሚሸጡ፣ በመካከል ደግሞ ያለ ማዘዣ ነገር ግን ፋርማሲስት ባለበት መድኃኒት ቤት ብቻ የሚሸጡ። መካከለኛው መደብ የመድኃኒት ባለሙያው መገኘት ራሱ የደኅንነት ዋስትና ነው የሚል እምነት የያዘ በመሆኑ፣ ባለሙያው በእርግጥ ምን ይናገራል የሚለውን ጥያቄ ማስከተሉ አልቀረም። በ1990ዎቹ የሙያው ማኅበር እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ሥርዓት በጽሑፍ እንዲያዘጋጅና በባንኮ የሚሠሩት ረዳቶችም ሥልጠና እንዲወስዱ አስገደደ። ረዳቶቹ እንዲያጠኑ የተደረጉት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ መድኃኒቱ ለማን ነው፣ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው፣ እስካሁን ምን ተሞከረ፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒትስ አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ እንኳ ብዙ ይሠራል፤ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ካፕቶፕሪል የሚወስድ ሰው በዚያው መድኃኒት ምክንያት የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ሊይዘው ስለሚችል፣ ይህ ጥያቄ ያልቀረበለት ሰው ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲዘዋወር ወራት ያልፉበታል፤ የተጠየቀው ግን መድኃኒቱ እንዲቀየርለት ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

በ2007 የባልቲሞር ከተማ የጤና ኃላፊን ጨምሮ የሕፃናት ሐኪሞች ለአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደር ባቀረቡት አቤቱታ የልጆች የሳል ሽሮፕ ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠና ጉዳቱ ግን እንደታየ አስረዱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አምራቾቹ ለጨቅላ ሕፃናት የተሠሩትን ሽሮፖች ከገበያ ሰበሰቡ፤ በጥር 2008 መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት ከ4 ዓመት በታች የሚከለክል ጽሑፍ በጠርሙሶቹ ላይ ወጣ። ብሪታንያ በ2009 ከ6 ዓመት በታች ላሉት ከለከለች፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት ደግሞ ከባለሙያ ምክር ጋር በመድኃኒት ቤት ብቻ እንዲሸጥ ወሰነች። ሽሮፕ ሌላ ዓይነት አደጋም ሊያመጣ ይችላል፤ በጋምቢያ በ2022 ዳይኢታይሊን ግላይኮል በተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል በተበከሉ ሽሮፖች ምክንያት ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል። ኬሚካሉን በባንኮ ላይ አይቶ የሚለይ ባለሙያ የለም፤ ያልተገዛ ሽሮፕ ግን ልጁን አይመርዝም፤ «ለልጅዎ አያስፈልገውም» የሚለው ምክር ክብደት በዚህም ይታያል።

ሽሮፑ ሲነሣ ወላጁ ባዶ እጁን እንዳይመለስ የቀረለት ነገር ማር ሆነ። በ2007 በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት ሐኪሞች 105 ልጆችን አሳትፈው ባሳተሙት ጥናት ከመኝታ በፊት የተሰጠ ማር ምንም ካለመስጠት ይልቅ የሌሊቱን ሳል ማስታገሱን ወላጆች መሰከሩ፤ በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋምም በ2019 ለአጣዳፊ ሳል ማርን በመመሪያው ውስጥ አካተተ። ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማርን ከዝንጅብል ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማላስ፣ ጦስኝ አፍልቶ መጠጣት፣ ዳማከሴ ጨምቆ መስጠትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት መታጠን በብዙ ቤት የሚታወቁ ናቸው። የመድኃኒት ባለሙያው በዚህ ልማድ ላይ የሚጨምረው አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ፤ ማር ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ጀርም ዘር ሊይዝ ስለሚችል አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

አሮጌዎቹ ማፈኛዎችም አንድ በአንድ ከነጻ ሽያጭ ወጥተዋል። ፎልኮዲን የተባለው፣ በአውሮፓ ለአሥርት ዓመታት ያለ ማዘዣ የተሸጠ የኮዴይን ዘመድ፣ በኋላ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻን ለማላላት በሚሰጡ መድኃኒቶች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ምላሽ ሊያስከትል እንደሚችል በመረጋገጡ በ2022 ማብቂያና በ2023 መጀመሪያ ከአውሮፓና ከብሪታንያ ገበያ ተነሣ፤ የኮዴይን የሳል ፈሳሽም ለሱስ በመዋሉ በብሪታንያ በ2024 ወደ ማዘዣ መደብ ተዛወረ። ከ1704 ጀምሮ የቆየው የክፍያ ችግር ግን መጠነኛ መፍትሔ ያገኘው በስኮትላንድ ነው፤ በ2006 የተጀመረውና በ2020 የተስፋፋው የመንግሥት አገልግሎት ፋርማሲስቱ መድኃኒት ቢሰጥም፣ ቢመክር ብቻም፣ ወደ ሐኪም ቢልክም የሚከፈለው ሆኗል። እንግሊዝ በ2024 የጀመረችው ተመሳሳይ አገልግሎት ለሰባት ሕመሞች ሲከፍል ሳልን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው መድኃኒት ቤት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ነው፤ በጆርጂያ አገር የተወለደው ዶክተር ሜራብ በ1910 በአዲስ አበባ ፋርማሲ ከፈተ፣ በ1961 ደግሞ በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና ቁጥር 1112/2011፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የመድኃኒት ንግድንና ሙያውን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አድርገዋል። ሐኪም ዘንድ መድረስ ጊዜና ገንዘብ በሚጠይቅበት አገር ሳል የያዘው ሰው በመጀመሪያ የሚገባው ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ነው፤ በዚያ ባንኮ ላይ «ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ በለንደን ካለው ክብደት የበለጠ ክብደት አለው። በአገሪቱ የሳንባ ነቀርሳ መመሪያ መሠረት ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበት ሰው በነቀርሳ ተጠርጥሮ የአክታ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ደም ሲተፋ፣ ሌሊት ሲያልበው ወይም ክብደቱ ሲቀንስ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ይሆናል። ይህን ሰው ሽሮፕ ሸጦ የሚያሰናብተው መድኃኒት ቤት ገቢ ያገኛል፣ ሕመሙ ግን ለሳምንታት ተሸፍኖ ለቤተ ሰቡ ይተላለፋል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው ባለሙያ ትክክለኛውን ይሠራል፣ ለሠራው ግን የሚከፍለው የለም። በመሆኑም ነቀርሳን ለመቆጣጠር የሚደረገው ጥረት የግል መድኃኒት ቤቶችን ሲያሳትፍ፣ ከሥልጠናውና ከመላኪያ ቅጹ ጋር ለዚህ ዓይነቱ ምክር የሚታሰብ ክፍያም ሊኖረው ይገባል።